በጫማቸው የሚተኙት አባ

(በአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ቢሮ፣ ከሰዓት በኋላ፤ የአባ ዘሚካኤል ሙት ዓመት ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፈው ደቀ መዝሙራቸው መምህር ኅሩይ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍና መቀስ ይዟል፤ የአባ ታናሽ እኅት ወይዘሮ አራክሲ የመጽሐፉን ረቂቅ ይዘው ፊቱ ቆመዋል።)

አራክሲ፦ መቀሱን አስቀምጥ፣ ኅሩይ።

ኅሩይ፦ እትዬ አራክሲ፣ ለሽፋኑ የሚሆን ሌላ የወጣትነት ፎቶ የላቸውም። እኔ የምፈልገው እሳቸውን ብቻ ነው።

አራክሲ፦ አጠገቡ የቆመውስ ሰውዬ?

ኅሩይ፦ አባትዎን በክብር ነው የማወጣቸው። የተቆረጠውን በፖስታ አድርጌ እመልስልዎታለሁ።

አራክሲ፦ በክብር። ቤቴ ምሳ እየበላህ የተማርክ ልጅ አባቴን ቆርጠህ በፖስታ ልትሰጠኝ። ትንሽ እንኳ አታፍርም?

ኅሩይ፦ አይቆጡ እንጂ። መነኩሴ እኮ ለዓለም የሞተ ነው። ሲመነኩሱ እንደ ሬሳ ተገንዘው ፍትሐት ተደርሶላቸዋል። ከዚያ ወዲህ አባትም እናትም የላቸውም።

አራክሲ፦ ገጽ ሦስትን አንብብልኝ።

ኅሩይ፦ አንብበውት የለ እንዴ?

አራክሲ፦ ካንተ አፍ ልስማው።

ኅሩይ፦ «የአባ ዘሚካኤል እናት ወይዘሮ ደብሪቱ፣ በቡልጋ ከታወቁ የካህናት ወገን ሲሆኑ፣ የእሳቸውም አባት…»

አራክሲ፦ እዚያ ላይ ይበቃል። ለእናቴ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረህላታል። ወንድሜ ለዓለም የሞተው በአባቱ በኩል ብቻ ነው?

ኅሩይ፦ እሺ፣ እውነቱን ልንገርዎ። መጽሐፉን የሚያሳትመው ኮሚቴ ውስጥ የሚያጉረመርሙ አሉ። የፈረንጅ ልጅ፣ ያውም የጫማ ሰፊ፣ ይህን ሁሉ ጸጋ ከየት አመጣው ሊሉ ነው። ሰው አፉ ክፉ ነው።

አራክሲ፦ ፈረንጅ አይደለም፤ አርመን ነው። እንደ እናንተው ረቡዕና ዓርብ የሚጾም፣ እናቴን በቁርባን ያገባ። አራዳ ውስጥ አባቴ ሙሴ ሃጎፕ ጫማ ያልሰፋለት ቄስ ካለ አምጣልኝ። በእሱ ጫማ ሲቀድሱ ኖረው ዛሬ አፈሩበት?

ኅሩይ፦ እኔ አላፈርኩም። አባን ከሰው አፍ ልጠብቃቸው ብዬ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እግራቸው ሥር ተቀምጬ ተምሬያለሁ። እርስዎ ወንድምዎን ያውቁ ይሆናል፤ ቅድስናቸውን የማውቀው ግን እኔ ነኝ።

አራክሲ፦ ታውቃለህ? ገጽ አሥራ ዘጠኝ። «ማንም ሳያስተምራቸው፣ በጸጋ ብቻ፣ በደጀ ሰላም ለተቀመጡ ድሆች ጫማ ይሰፉ ነበር።» ማንም ሳያስተምራቸው ትላለህ? ያስተማረው ይኸው፣ ልትቆርጠው የያዝከው ሰው ነው። ስፌት ባጣመመ ቁጥር በእንጨት የጫማ ፎርማ እየደበደበ። ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳ ከዚያ ናት። አንተ ግን ከስግደት ነው ብለህ ጽፈሃል።

ኅሩይ፦ …ጠባሳውን አወጣዋለሁ።

አራክሲ፦ ገጽ ሃያ አራትንስ?

ኅሩይ፦ እሱን አይንኩብኝ። የመጽሐፉ ልቡ እሱ ነው። አባ ሕይወታቸውን ሙሉ ጫማቸውን አጥልቀው ነው የተኙት፤ ጌታ በሌሊት ቢመጣ ፈጥነው ሊከተሉት። ይህን ራሴ በዓይኔ አይቻለሁ። ተማሪዎቻቸው ሁላችንም እንደዚያው ነው የምንተኛው።

አራክሲ፦ አንተም?

ኅሩይ፦ ሃያ ሁለት ዓመት። ባለቤቴ ስለ አንሶላው ስትነጫነጭ ነው የምትኖረው።

አራክሲ፦ እኔም እስካገባ ድረስ በጫማ ነው የተኛሁት። የሠርጌ ዕለት ባሌ ልጠፋበት የተዘጋጀሁ መስሎት በሩን ቆልፎ ቁልፉን ደበቀ። እኔንም ቅድስት ብለህ ትጽፍልኛለህ?

ኅሩይ፦ ምን ማለትዎ ነው?

አራክሲ፦ አባባ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በቱርክ አገር አርመኖች ሲጨፈጨፉ፣ ወታደሮች ሌሊት ቤታቸው ገቡ። ከነእናቱ በባዶ እግሩ አውጥተው በረሃ ለበረሃ ነዱት። እናቱ የት እንደቀረች አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው አሸዋው እግሩን ሲያቃጥለው ነው። ከዚያ ወዲህ ጫማ አውልቆ አልተኛም፤ እኛንም አላስተኛንም። ማታ ማታ አልጋችን ድረስ እየመጣ የጫማችንን ማሰሪያ በጣቱ ይፈትሽ ነበር። ወንድሜ ጌታን ጠብቆ ይሆናል፤ እሱን አልክድም። ነቅቶ መተኛትን የተማረው ግን ከዚያ ፈሪ ሽማግሌ ነው። ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው ሲያይ ሆዱ የሚባባውም የአባቱን እግር ስለሚያይ ነው።

ኅሩይ፦ አባ ይህን አንድም ቀን ነግረውን አያውቁም።

አራክሲ፦ ጠይቃችሁታል? የማን ልጅ ነህ ያለው አለ? ከሰማይ ዱብ ያለ ነው የመሰላችሁ። እኔ ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ ኅሩይ። እኔ ስሞት አባባን የሚያስታውስ አንድ ሰው አይኖርም። ያኔ በሌሊት መጥተው ቤቱን አጠፉበት፤ አሁን ደግሞ አንተ በጠራራ ፀሐይ በመቀስ መጣህበት።

ኅሩይ፦ ኮሚቴው እኮ አይፈርምልኝም፣ እትዬ። መጽሐፉ ለሙት ዓመቱ ላይደርስ ነው።

አራክሲ፦ እንግዲያው ቁረጥ። መቀሱ እጅህ ላይ ነው፣ አልከለክልህም። ግን ዛሬ ስትተኛ ጫማህን አውልቅ። ለጓደኞችህም ንገራቸው። በጫማ መተኛት የአባቴ ነው። አባቴን ካወጣችሁት፣ እሱንም ተዉት። ደህና ዋል።

ኅሩይ፦ ቆይ፣ አይሂዱ። ይቀመጡ። መቀሱን ይውሰዱት፣ ይኸው። ገጽ ሦስት ላይ ነው የምጨምረው፤ ኮሚቴውን እኔ እችለዋለሁ። «አባታቸው ሙሴ ሃጎፕ…» የማን ልጅ ልበል?

አራክሲ፦ እሱ ራሱም አያውቀውም ነበር። አባቱን አባባ ከማለት በቀር ስሙን ሳይለይ ነው የወሰዱበት። ሃጎፕ የሚለውንም ያወጡለት ከበረሃው በኋላ የተጠጋበት የሙት ልጆች ማሳደጊያ ሰዎች ናቸው። የእናቴ ወገን ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ የእሱ ወገን እጅህ ላይ ያለው ፎቶ ነው።