ለአስቴር ወንድም የሰጠሁት ደም

ደም የሰጠሁት ለሀገር ብዬ ነው፤ አስቴር ሆስፒታሉ በር ላይ መቆሟ አጋጣሚ ነው። ያን ሰሞን ወባ ሰፈራችንን ሲቀላን ታጭዳት ነበር። የአስቴር ታናሽ ወንድም ደሙን ጨርሳበት እንደ ነጠላ ነጥቷል። የቤተሰቡ ደም አልገጠመም፣ የእኔ ገጠመ። ከደስታዬ ብዛት የመርፌውን መግባት እንኳ አላወቅሁም። ልጁ በማግስቱ ቀና ብሎ ሙዝ ጠየቀ።

እኔም ጊዜ ሳላባክን ሽማግሌዎቼን ይዤ ደረስኩ። አባቷ ጋሽ አንጁሎ የጎሳቸውን አዛውንቶች ከነሚስቶቻቸው ሰብስበው ጠበቁን። "ልጄን አትርፈሃል፣ ተባረክ" አሉኝ። "ግን በእኛ በጋሞዎች ወግ የአንድ ጎሳ ሰው አይጋባም። ደምህ ቤታችን ገብቷል፤ ከእንግዲህ የአስቴር ወንድም ነህ።" አዛውንቶቹ "ልክ ነው" አሉ። እኔም የሳይንስ መምህር ነኝና ነገሩን መርምሬ እውነትነት አገኘሁበት።

ይኼኔ አስቴር ከጓዳ ብቅ አለች። "አባዬ፣ የወባ ትንኟስ? ያንዱን ደም መጥጣ ወደ ሌላው ስትሄድ አይደል የከረመችው? እንደዚህ ከሆነማ እዚህ ቤት ካለነው ማን ከማን ጋር ወንድምና እህት ያልሆነ አለ?"

አዛውንቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቀጥለው ሚስቶቻቸውን ሰረቅ አድርገው አዩ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ፣ በጥድፊያ መረቁን።