ተሰረቀ ስላልሁት በገና በድጋሚ የሰጠሁት ቃል

የምስክር ስም፦ ዮርዳኖስ እንዳለው
ዕድሜ፦ 20
ሥራ፦ ተማሪ
አድራሻ፦ ሰቆጣ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9፡30

እኔ ስሜ ከዚህ በላይ የተጠቀሰው፣ መጋቢት 8 ቀን ለፖሊስ በሰጠሁት ቃል በገና የሰረቀኝ የባጃጅ ሹፌሩ ደግሰው ነው ብዬ ነበር። ያ ቃል ሐሰት ነው። ማንም ሳያስገድደኝ ላስተካክለው መጥቻለሁ።

በገናው የእኔ አይደለም፤ የመምህሬ የገብረ ሊባኖስ ነው። መምህር ከአያታቸው የወረሷቸው ሦስት አሮጌ በገናዎች አሏቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ፣ ጥሩ ይደረድራል ላሉት ተማሪ አንዱን ለአንድ ዓመት ያውሱታል። እኔ ከመስከረም ጀምሮ ትልቁን ወሰድሁ። ያስፈረሙኝ ወረቀት የለም። «መኪና ስትሳፈሪ ጉልበትሽ ላይ ይሁን» ብቻ አሉኝ።

መጋቢት 7 ቀን እሑድ ደሃና ወረዳ ሄጄ በጉባኤ ደረደርሁ። በማግሥቱ ጠዋት በ2፡00 ሰዓት በሚኒባስ ወደ ሰቆጣ ተነሣሁ። ረዳቱ «ወይ ይጫን ወይ ውረጂ» ሲለኝ ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶመጋላ እንዲጫን ፈቀድሁ። መናኸሪያ ደርሰን ሲወርድ ማዳበሪያ ተጭኖበት አንዱ ቋሚ እንጨት ተሰብሮ፣ የገበቴው ቆዳ ተቀዶ አገኘሁት። በነጠላ ሸፍኜ በደግሰው ባጃጅ ቤቴ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ መምህር «እየመጣሁ ነው» ብለው ሲደውሉልኝ ደንግጬ በገናውን በጆንያ ከትቼ ከአልጋ ሥር ደበቅሁ። «ባጃጅ ውስጥ ረስቼው ሹፌሩ ይዞት ሄደ» አልኋቸው። ወደ ፖሊስ ይዘውኝ የመጡት እሳቸው ናቸው፤ እዚህም ያንኑ ደገምሁ። ደግሰው በዚያው ቀን ተያዘ።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልሆነልኝም። ባጃጅ በደጅ ባለፈ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ጆንያውን አወጣለሁ፣ መልሼ እከተዋለሁ። ትናንት ሁለት ጊዜ እዚህ በር ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ።

ዛሬ ከቀኑ 6፡00 ሰዓት ገደማ መምህር ሁለተኛውን በገና ራሳቸው ተሸክመው መጡ። ዳገቱ አድክሟቸው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። «የፊታችን እሑድ ደብረ ዘይት ነው፤ ባዶ እጅሽን እንዳትቀሪ» አሉኝ። ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ፤ መንካት ግን አልቻልሁም። ጆንያውን ጎትቼ ፊታቸው አስቀመጥሁት። የተሰበረውን በጣታቸው ዳሰሱት። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«ሰውየው አሁንም እንደታሰረ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ተነሽ እንሂድ።»

የተሰበረውን በገና ከነጆንያው ለመርማሪው አስረክቤአለሁ። ሐሰተኛ ቃል መስጠት እንደሚያስጠይቀኝ ተነግሮኛል፤ ገብቶኛል።

ቃሌን እየሰጠሁ ሳለ ደግሰውን አስገቡት፤ ይቅርታ ጠየቅሁት። «እኔን ተይኝ። ሚስቴ ትርፌ ስንቅ ስታመጣልኝ ዓይኔን አታየኝም። ሄደሽ ለእሷ ንገሪያት» አለኝ። ከተለቀቅሁ ከዚህ በቀጥታ ወደ እሷ እሄዳለሁ። ካልተለቀቅሁ ይህ ቃል ዛሬውኑ እንዲነበብላት እጠይቃለሁ።

ከዚህ በላይ የሰፈረው ከአንደበቴ የወጣ እውነት ነው። ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የደበቅሁት የቀረ ነገር የለም።

የምስክር ፊርማ፦ ዮርዳኖስ እንዳለው
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ትእዛዙ ገበያው