አፌ ከአንደኛ ደረጃ አልወጣ ብሎ

በኛ ጊዜ እኮ፣ አንቺ ልጅ፣ ሴት ባሏ ሲሞት አባቷ ቤት ትመለሳለች፣ ትመለስና ሌላ ባል እስኪመጣላት ትቀመጣለች፣ አለቀ። ማን ጠይቋት። ይሄን እንዳለ ጻፊው፣ አታሳምሪው።

ታዲያ የኔን ባል የበላው የቻግኒ ወባ ነው። እህል ሊሸጥ በእግሩ ወረደ፣ በቃሬዛ ተመለሰ። እና ዓመቱ እንኳ ሳይሞላ አጎቴ አያ ፈንታ ዳንግላ አባቴ ቤት ከች አለ፣ ሽማግሌ አስከትሎ። "ባል አግኝቼላታለሁ፣ ነጋዴ ነው፣ የሞላለት ነው" ይላል። አገሩ የት ነው ቢሉት ቻግኒ። እዚያው ቻግኒ በይ፣ እዚያው። ጓዳ ሆኜ ሁሉን ሰማሁ።

አባቴን አልደረስሽበትም፣ መሪጌታ ነበር፣ የአገሩ ቄስ ግማሹ በሱ አርጩሜ ያለፈ ነው። እግሩ ላይ ወደቅሁ። "አባባ፣ ለዚያ አገር አይስጡኝ፣ ሐኪም ቤት ሥራ ልግባ" አልሁት።

ያን ጊዜ አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ከነሚስቱ መጥቶ ዳንግላ ሐኪም ቤት ከፍቶ ነበር፣ ሚስቱን ማዳም ነው የምንላት። አስተርጓሚያቸው አቶ ደምስ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ያደገ ነው፣ ፈረንሳይኛውን እንደ ውኃ ይጠጣዋል፣ አገውኛ ግን አንዲት ቃል የለውም። ከጥርባ፣ ከየገጠሩ የሚመጣው በሽተኛ ደግሞ አገውኛ እንጂ ሌላ አያውቅ። እና ሕመምተኛው ሲያወራ እሱ ራሱን ሲያክ፣ ሐኪሙ እሱን ሲያይ፣ ቀኑ ይመሻል። ታዲያ ማዳም ምን አለች፣ "አገውኛ የምታውቅ ሴት አምጡልኝና ፈረንሳይኛ ላስተምራት፣ ሦስተኛ ደረጃ ስትደርስ ትቀጠራለች" አለች።

"ደግሞ ሦስተኛ ደረጃ ምንድን ነው?" አለ አባቴ።

አቶ ደምስ እንዲህ አለው፦ "መሪጌታ፣ አንደኛ የደረሰ ዳቦና ውኃ ይጠይቃል። ሁለተኛ የደረሰ ውሎውን ያወራል። ሦስተኛ የደረሰ የሰው ጉዳይ ይዞ ይናገራል፣ ቢጠይቁት ይመልሳል።"

አባቴ ሳቀ። "ይሄማ የኛው ነው። ፊደል፣ ንባብ፣ ዳዊት። ልጄ ዳዊት እንድትደግም ነው የምትፈልጉት" አለና፣ አያ ፈንታን "እስከ ፋሲካ ታገሠኝ፣ ትምህርት ላይ ናት" አለው።

እና ጀመርሁ። ጧት ማዳም ዘንድ እሄዳለሁ፣ እሷ መጽሐፉን ትከድንና ስለዚያ ስለዚህ ልታጫውተኝ ትሞክራለች፣ እኔ ዝም። ከሰዓት አባቴ ዘንድ እቀመጣለሁ፣ እሱ መጽሐፉን ይከፍትና "በይ ካለፈው ቀጥዪ" ይላል። ፈረንሳይኛ አንዲት አያውቅም እኮ፣ ግን ዓይኑን ጨፍኖ እየተወዛወዘ ያዳምጣል፣ እና ስሳሳት ያውቃል። "ቆይ ቆይ፣ ትናንት እዚህ ጋ ዝቅ አድርገሽ ነበር የወጣሽው" ይለኛል። በአርጩሜው ጫፍ ጉልበቴን ነካ ያደርጋል፣ እንደገና። የማዳም መጽሐፍ ስለ መስኮት ነው፣ ስለ ድመት ነው፣ ገበያ ስለሚሄድ ሰውዬ ነው። ሁሉንም በቃሌ ጠጣሁት።

ማዳም ታዝን ነበር። በአቶ ደምስ አፍ ላባቴ አስነገረችው፦ "ይህች ልጅ ለምን አትናገርም? ሰው ቋንቋ የሚለምደው ተሳስቶ ተሳስቶ ነው።"

አባቴ ምን ይላል፣ "በኛ ቤት የተሳሳተ ይገረፋል" አለ። ነገሩን ዘጋው።

ታዲያ ፋሲካ ደረሰ። ዳዊት ለደገመ ይደገሳል አይደል፣ አባቴም ደገሰልኝ። በግ ታረደ፣ ጠላው ተጠመቀ፣ ቄሱ ጎረቤቱ ተጠራ፣ አያ ፈንታም መጣ፣ ማዳምና አቶ ደምስም መጡ። ተነሺ ተባልሁ፣ ተነሣሁ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንበለበልሁት፣ አንዲት አልሳትሁም። ሴቶቹ እልል አሉ። አባቴ እንባውን በጋቢው ጠረገ።

ያኔ ማዳም ጎንበስ ብላ፣ በፈረንሳይኛ፣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። "ዛሬ ጧት ምን ስትሠሪ አረፈድሽ?" ነው ያለችው። ገብቶኛል እኮ። ገና ሳይነጋ ተነሥቼ፣ እንጨት ፈልጬ፣ ወጥ ሠርቼ፣ ቤቱን ጠርጌ። በአማርኛ አለኝ፣ በአገውኛ አለኝ። በሷ ቋንቋ ግን ብስትስ አልሁ፣ አባቴ ፊት፣ ያ ሁሉ ቄስ ፊት ብስትስ። አባቴ "በይ እንጂ ጥሩዬ፣ በይ" ይላል። ታዲያ ምን አመጣሁ መሰለሽ፣ ስለ ድመቷ ካለው ጀመርሁ።

ማዳም እጄን ያዘችና አስቆመችኝ። አቶ ደምስ ዓይኑን መሬት ተክሎ ተረጎመው፦ "ማንበቧ ሦስተኛ ደርሷል ትላለች። መጻፏና መስማቷ ሁለተኛ ነው። መናገሯ ገና አንደኛ ነው። በሽተኛ ዘንድ የሚያስፈልገው ደግሞ መናገሩ ነው።"

አባቴ ግራ ገባው። "እኔ አንዲት ልጅ ነው የሰጠኋት፣ እንዴት ከፋፍላ ትመልስልኛለች?" አለ።

አያ ፈንታ ጠላውን አስቀመጠና፣ "ምላሷን እዚህ አስቀሩትና ሌላውን ይቅጠሩት" አለ። ቄሱ ሁሉ ሳቀ። በዚያ ሳቅ አለቀልኝ የኔ ልጅ። አባቴ ያን ቀን እዚያው ቃሉን ሰጠ።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ በቅሎዋ ተጭና ደጅ ቆማለች፣ ማዳም እየሮጠች መጣች። ብቻዋን ነች፣ አቶ ደምስ ቆሰበር ሄዷል። ትከሻዬን ይዛ ታወራ ጀመር፣ በፍጥነት፣ እያለቀሰች። እና ምን ልበልሽ፣ ሁሉም ገባኝ። አንድም አላመለጠኝም። "ባለቤቴ ተስማምቷል። ክረምቱን እኔ ቤት ክረሚ፣ አፍሽ ይፈታል፣ ለመስቀል ሥራ ትገቢያለሽ" ነው ያለችው።

ዞርሁና፣ "አባባ፣ እንዲህ ትላለች፣ እስከ መስቀል ብቻ" አልሁት።

"ማን ተረጎመልሽ?"

"ራሴ ሰማኋት።"

"መስማትሽ ሁለተኛ ነው ያለችው እሷው አይደለችም? ይሄ የሦስተኛ ነገር ነው።"

አያ ፈንታ የበቅሎዋን ልጓም እንደያዘ፣ "መሄድ ያልፈለገ ሰው የማይሰማው የለም" አለ።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ቆመና አሰበ። "እንግዲያው ጠይቂያት፣ አሁን፣ እዚሁ ፊቴ። ለመስቀል እውነት ከሆነ በእጇ ምልክት ትስጠኝ፣ አስቀርሻለሁ" አለኝ። አፌን ከፈትሁ። መስኮቱ መጣ፣ ገበያ የሚሄደው ሰውዬ መጣ። እነሱን ዋጥሁና የራሴን ስፈልግ ምንም የለም። ማዳም ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ቆየችና ዝምታዬን እምቢታ አድርጋ ወሰደችው። ግንባሬን ሳመችኝ፣ ሄደች። እኔን በቅሎዋ ላይ አወጡኝ።

ይኸው ቻግኒ። ከወለድኋቸው ሁለቱን ወባው ወሰደብኝ፣ ታውቂያለሽ። ማዳምም ከዚያ ክረምት ወዲያ አገሯ ገባች አሉ።

"አክስቴ፣ ያን ለት ምን ሊሏት ነበር የፈለጉት?"

ምን እላታለሁ፣ "ቆዪኝ" ነዋ። አንዲት "ቆዪኝ"። ማን አስተምሮኝ።