ትከሻ ላይ የቀረው እጅ

ከፋሲሎ በተሳፈርሁበት ታክሲ ከፊቴ ሁለት ወጣት ጓደኛሞች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ስልኳን ለሌላዋ አሳየቻት።

«ፎቶዬን የማላውቃቸው ሰዎች ለጥፈውታል። ከሥሩ ‹ባል ትፈልጋለች› ይላል።»

«አጥፉልኝ በያቸዋ።»

«ብያቸዋለሁ፤ መልስ የለም። እሑድ ሽማግሌ ሊመጣ ነው፤ የእጮኛዬ እናት ደግሞ አይተውታል። ‹ልጅቱ ገና እየፈለገች ነው ወይ?› ብለዋል አሉ።»

«ከፌስቡክሽ ወስደውት ይሆናላ።»

«እኔ ለጥፌው አላውቅም። ደቅ ደሴት ስንሄድ ጀልባ ላይ ባንቺ ስልክ የተነሣነው ነው።»

«እኔ እኮ ፎቶው ላይ የለሁም።»

«ተቆርጠሻል። ትከሻዬ ላይ ያለውን እጅ ግን እስቲ እዪው።»

«የማንም እጅ ሊሆን ይችላል።»

«ጣቶቹ ቀልተዋል። እንሶስላውን አብረን አይደል የሞቅነው?»

ጓደኛዋ እጇን ነጠላዋ ውስጥ አስገባች። ታክሲው ሰው አውርዶ ተነሣ።

«ለአክስቴ ልጅ ብቻ ነው የላክሁት» አለች ኋላ።

«እንግዲያው እሑድ እሱ ከሽማግሌዎቹ ፊት ይቁምልኛ።»

«እሱም ለአንድ ሰው ብቻ ነው የላከው፤ ምሎልኛል።»

«አንቺስ ራስሽን ማን ቁረጪ አለሽ?»

መልሱን ሳልሰማ መውረጃዬ ደረሰ፤ እኔም ሳላስበው ሁለቱንም እጆቼን ጋቢዬ ውስጥ ከትቼ ወረድሁ።