የገንዳው ውታፍ

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ በአንድ የደቡብ ከተማ ዳርቻ በምትገኝ ትንሽ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ጓሮ፤ የሲሚንቶው የጥምቀት ገንዳ ክዳን ተነሥቷል፤ ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ከአንድ ክንድ በታች አያሳይም፣ አንዲት አይጥ ሞታ ላዩ ላይ ተንሳፋለች፤ የአዳዲስ መጪዎች አስተማሪው ጋሽ ላምቤቦና ስድስት ወር ተምራ ነገ ልትጠመቅ የተዘጋጀችው ስመኝ ዳሩ ላይ ቆመዋል።

ስመኝ፦ እዚህ ውስጥ አልገባም አልኩ እኮ፣ ጋሽ ላምቤቦ!

ላምቤቦ፦ ቀስ በይ፣ እህቴ ስመኝ። አይጧን በዱላ አወጣታለሁ።

ስመኝ፦ አይጧን ያወጧታል፤ የሞተችበትን ውሃስ? እስቲ ቀረብ ይበሉና ያሽትቱት።

ላምቤቦ፦ እኔ ለምጄዋለሁ።

ስመኝ፦ እሱ ነው የባሰው።

ላምቤቦ፦ ተምረሽ የለም እንዴ? ውሃው አያድንም፤ ምልክት ነው። ስትጠልቂ ከጌታ ጋር መቀበርሽ፣ ስትወጪ መነሣትሽ ነው።

ስመኝ፦ መቃብርነቱን ሽታው ነግሮኛል። ያልታየኝ ትንሣኤው ነው።

ላምቤቦ፦ አይ አፍሽ! እንኳን ፓስተራችን አልሰማ።

ስመኝ፦ ይስማኝ። ለመሆኑ መቼ ነው የተሞላው?

ላምቤቦ፦ ለፋሲካው ጥምቀት።

ስመኝ፦ ጥቅምት ገባ እኮ!

ላምቤቦ፦ ውሃ በቦቴ እየተገዛ ነው የሚመጣው፤ እንዲሁ አይደፋም። ደግሞም ጉባኤው አልወሰነም።

ስመኝ፦ ገንዳ ለማፍሰስ ጉባኤ?

ላምቤቦ፦ እዚህ ቤት ሁሉንም የሚያዝ አለቃ የለም፤ እያንዳንዱ አባል እኩል ድምፅ አለው ብዬ አላስተማርኩሽም?

ስመኝ፦ አስተምረውኛል። የወደድኩትም እሱን ነበር።

ላምቤቦ፦ እንግዲያውስ ሁለቴ እጅ ተነሥቶበታል። ግማሹ እናቶች ከአጥሩ ሥር ወደተከሉት ጎመን ይፍሰስ አለ፤ ግማሹ ጎመኑ ይበላሻል፣ ወደ መንገድ ይውጣ አለ። እኩል ለእኩል ሆነና ቀረ።

ስመኝ፦ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ነበር የምሰማው። እናንተ አብራችሁ አይጥ አሰጠማችሁ!

ላምቤቦ፦ ተጠመቂና አንቺም በጉባኤው ላይ ተናገሪ። አባል ያልሆነ ሰው አይናገርም።

ስመኝ፦ ለመናገር አባል መሆን፣ አባል ለመሆን እዚህ መግባት! ያየሁት እኔ ድምፅ የለኝ፤ ድምፅ ያላቸው አያዩ። እርስዎስ የተጠመቁት እዚሁ ነው?

ላምቤቦ፦ እኛ ትልልቆቹ ወንዝ ላይ ነው። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጭ ነበር፤ ግን ይፈስሳል። ገንዳውን የሠራነው እንደ ከተማ ሰው እንሁን ብለን ነው።

ስመኝ፦ ሆናችኋላ!

ላምቤቦ፦ አትቀልጂብኝ። ከአንቺ በፊት ሦስት ሰው አስተማርኩ፤ ቅዳሜ ገንዳውን አሳየኋቸው፣ እሑድ ቀሩ። አንዱም አልተመለሰ። አንቺም ከቀረሽ ማስተማሩን እተወዋለሁ፤ እውነቴን ነው።

ስመኝ፦ ለምን የቀሩ ይመስልዎታል?

ላምቤቦ፦ ሰይጣን ነዋ! የመጨረሻዋን ቀን ጠብቆ ይዋጋል። ጾመን ጸልየን ገሠጽነው።

ስመኝ፦ ጋሽ ላምቤቦ፣ የገሠጻችሁት ሰይጣን ጅራቱ ያውና ተንሳፏል።

ላምቤቦ፦ ሦስቱም አንቺ ከቆምሽበት ነበር የቆሙት። የመጨረሻዋ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። የምታለቅስ መስሎኝ፣ መንፈስ ነካት ብዬ ጌታን አመሰገንኩ።

ስመኝ፦ ውይ ጋሼ!

ላምቤቦ፦ ምን ዋጋ አለው! ውሃውም አስጠላኝ፣ እኔም ራሴን ጠላሁት።

ስመኝ፦ ውታፉ የት ነው?

ላምቤቦ፦ ሁለት ደረጃ ተወርዶ፣ በጎን በኩል ነው፤ ጨርቅ የተጠቀለለበት እንጨት። እኔ ግን አልነቅለውም። አባል ነኝ፤ ጉባኤ ያልወሰነውን አልነካም።

ስመኝ፦ እኔስ አባል ነኝ?

ላምቤቦ፦ ገና ነሽ።

ስመኝ፦ እንግዲያው ጉባኤያችሁ አያስረኝም። ነጠላዬን ይያዙልኝ።

ላምቤቦ፦ ተይ አንቺ ሴት! አልገባም ስትይ አልነበር?

ስመኝ፦ ለመጠመቅ አልገባም አልኩ እንጂ ለማፍሰስ መቼ አልኩ?

ላምቤቦ፦ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ኋላ!

ስመኝ፦ ዘንዶ በሆነልኝ! ኡፍፍ... ኧረ ያንገሸግሻል! ደረጃው ንፍጥ ነው፣ ያሟልጫል። አይጧን ወደዚያ ይግፉልኝ፣ ፊቴ ላይ ልትደርስ ነው!

ላምቤቦ፦ ገፋኋት፣ ገፋኋት! አገኘሽው?

ስመኝ፦ እጄ እስከ ትከሻዬ ገብቷል... ያዝኩት... እህ... ወጣ! እንኩ ውታፋችሁን!

ላምቤቦ፦ ወይ ጉድ! አሁን ወደ ጎመኑ ነው ወደ መንገዱ የሚሄደው?

ስመኝ፦ ውሃ ቁልቁለቱን ያውቃል፤ እጅ አያስነሣም።

ላምቤቦ፦ ነገስ በምን ልትጠመቂ ነው? ቦቴ ከየት ይመጣል?

ስመኝ፦ ወንዙ ደረቀ እንዴ?

ላምቤቦ፦ አልደረቀም። ... እንዲያውም አሁን ከዚህ ወጥቼ ወደነዚያ ሦስቱ ቤት እሄዳለሁ።

ስመኝ፦ ሄደው ምን ሊሏቸው?

ላምቤቦ፦ ያስቀራችሁ ሰይጣን አይደለም፣ እኛ ነን እላቸዋለሁ።

ስመኝ፦ መጀመሪያ እጄን የምታጠብበት ያምጡልኝ። ውሃው እየሄደ ነው ወይስ ተደፈነ?

ላምቤቦ፦ አንድ ስንዝር ጎድሏል። የመጀመሪያው ደረጃ ታየ።