የሃያ ሰባት ዓመት ጨው

የስፌት መኪናዬን ያስቀመጥኩት ከግቢያችን በር አጠገብ፣ ከመስኮት ሥር ነው። የሚገባም የሚወጣም እኔን ሳያይ አያልፍም፤ እኔንም ሳልሰማው የሚያልፈኝ ወሬ የለም። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ያወቅሁትን ጥቂት ነገር ያወቅሁት እግዚአብሔር በሰጠኝ ሁለት ጆሮና ደንበኞች ረስተውት ከሚሄዱት ጋዜጣ ነው። ወረርሽኙ በገባ ሰሞን ሱሪ የሚያሰፋ ጠፍቶ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ስሰፋ፣ አንድ የእጅ ጋሪ በሩ ላይ ተቀረቀረና ከኋላው የማውቀው ድምፅ ተሰማ።

«ግፋ! ግፋ እንጂ አንተ ሰው! ጨው ነው እንጂ እንቁላል አልጫንክ!»

ጋሽ መጋዘን ነበሩ። ስማቸው ሌላ ነው፤ ነገር ግን በጫማ ፋብሪካ ሠላሳ አራት ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ስለሠሩ ሰፈሩ ይህን ስም አጸደቀላቸው። ጡረታ የወጡትም ከፋብሪካው እንጂ ከሥራው አይደለም። የጓዳው ቁልፍ ከአንገታቸው አይወርድም። ባለቤታቸው እትዬ አንድ ሳሙና ሲያሻቸው እንኳ በቁራጭ ወረቀት ፎርም ሞልተው፣ ፈርመው ነው የሚረከቡት። ከወረርሽኙ ወዲህ ደግሞ ከአልጋው ሥር የገባው የክብሪትና የሳሙና ካርቶን አልጋውን ሽቅብ ስላነሣው፣ እትዬ የሚተኙት በርጩማ ላይ ቆመው እየወጡ ነው።

ጋሪው ገና ሳይላቀቅ የወንድማቸው ልጅ ከውጭ ደረሰች። የጤና ጣቢያ የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ በቀጥታ ከሥራ መምጣቷ ነበር።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? ይቅርታ፣ አይጠጉኝ። ሁለት ሜትር ይራቁ።»

«ሁለት ሜትር የት ድረስ ነው?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። የልብስ ሰፊ ሜትር አንድ ከሃምሳ ነው፤ እሱን ዘርግቼ የጎደለውን በስንዝር ሞላሁላቸው። እሳቸው ከጋሪው ወዲያ፣ እሷ ከጋሪው ወዲህ፣ እኔ በመስኮቴ እንደ ዳኛ ተሰይሜ፣ ክርክሩ ተጀመረ።

«ይህ ሁሉ ጨው ለምንዎ ነው?»

«ለክፉ ቀን ነዋ! አንቺ ሳትወለጂ ጨው የጠፋበት ጊዜ ነበር። ለአንድ ጭብጥ ጨው ግማሽ ቀን ተሰልፌያለሁ። ያን ዕለት ነው ሁለተኛ ጨው አላጣም ብዬ የማልኩት።»

«የዛሬው ችግር የያኔው አይደለም እኮ ጋሼ።»

«ችግር ችግር ነው፤ ልብሱን ይቀይራል እንጂ!»

«እስቲ እናስላው። ሁለቱ ጆንያ መቶ ኪሎ ነው። እርስዎና እትዬ ሁለት ናችሁ። አንድ ሰው በቀን ከአምስት ግራም ጨው በላይ ባይበላ ይመረጣል። የሁለታችሁ አሥር ግራም ይሆናል።» በጣቷ አየር ላይ ጻፈችና፣ «ሃያ ሰባት ዓመት ይበቃችኋል!» አለች።

ጋሽ መጋዘን ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ቁጥር ስለተጠራባቸው የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«ታዲያ ዘጠና ስምንት ዓመት እንዳልኖር ማን ከለከለኝ?»

«እግዚአብሔር ይጨምርልዎ! እስከዚያው ግን ምን በጨው ይበላሉ?»

ባለጋሪው ሳቀ። እኔ መርፌ የወደቀብኝ መስዬ አጎነበስኩ።

«አሁን በሱቁ በኩል ሳልፍ፣» አለች ልጅቷ፣ «ጎረቤቶቻችን ጨው አልቋል እየተባሉ ባዶ ዕቃቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ያለቀው እኮ እዚህ ጋሪ ላይ ወጥቶ ነው። የሁለት መቶ ቤት የአንድ ወር ጨው ነው ያስጫኑት።»

«እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል!»

«ሌላውም ስለ እርስዎ እንደዚሁ እያለ ነው የሚወስደው። እርስ በርስ ስንፈራራ ሱቁን ባዶ አስቀረነው።»

ጋሽ መጋዘን መከላከል ሲያቅታቸው ወደ ማጥቃት ነው የሚዞሩት።

«አንቺስ? ይህን ሁሉ የምትሰብኪኝ፣ ቤትሽ ምን አለሽ?»

ልጅቷ የአፍ መሸፈኛዋን አስተካከለች።

«ተናገሪ እንጂ፣ ዳኛው ይስማ!»

«ግማሽ ፓኮ መኮሮኒ፣» አለች ቀስ ብላ። «አንድ ሻማም አለኝ።»

«አያችሁልኝ! መኮሮኒዋን በሻማ ልትቀቅል!»

እውነት ለመናገር ይህን ዙር ያሸነፉት እሳቸው ናቸው። የተማረ ሰው ለሰው የሚመክረውን በራሱ ቤት ሲረሳው ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜዬም አይደለም። ልጅቷ ግን ጥፋቷን የምትሸፋፍን አልነበረችም።

«ልክ ነዎት፣ አጥፍቻለሁ። ባዶ ቤትም፣ መተላለፊያ ያጣ ቤትም ሁለቱም ያልተዘጋጀ ቤት ነው። አሁን ግን የመጣሁበትን ልጠይቅዎ። ከነገ ወዲያ ጀምሮ ትራንስፖርት ለሁለት ሳምንት ይቆማል። የእትዬ የደም ግፊት ኪኒን ለስንት ቀን ይበቃል?»

«የምን ኪኒን?»

«በየቀኑ የሚውጡት ነዋ!»

ጋሽ መጋዘን ከደረት ኪሳቸው የዕቃ ዝርዝራቸውን አወጡና መነጽራቸውን ሰኩ። ክብሪት አለ። ሳሙና አለ። የበር ማጠፊያ ሳይቀር አለ። ኪኒን የለም። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩት።

«መድኃኒት በእኔ ሥር ሆኖ አያውቅም፣» አሉ ድምፃቸው ወርዶ። «በፋብሪካው መድኃኒት የሚይዘው የክሊኒኩ ነርስ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ መደርደሪያዬ ላይ አንድ ፍሬ ኪኒን ተቀምጦ አያውቅም።»

እትዬ ለካ ከደጃፋቸው ቆመው ይሰሙ ኖሯል። ከመቀነታቸው ትንሽ ብልቃጥ ፈትተው አሳዩን።

«ሦስት ፍሬ ናት የቀረችው። እንድትበቃኝ ብዬ ቀን እየዘለልኩ ነው የምውጣት።»

ልጅቷ ደነገጠች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስት ሳምንት ይሆናል። ወጥቼ እንዳላመጣ በሽታውን ፈራሁ። እግዚአብሔር ያውቃል ብዬ ተቀመጥኩ። ሰሞኑን ግን ራሴን ይወቅረኛል፤ አልጋው ላይ ስወጣም ያዞረኛል።»

ጋሽ መጋዘን የጋሪውን ጠርዝ ያዙ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፎርም አልሞላሁማ!» አሉ እትዬ።

ባለጋሪው እንኳ አልሳቀም። እኔም መኪናዬን አቆምኩ። እግዚአብሔር ማወቁንስ ያውቃል። ነገር ግን ጤና ጣቢያው ክፍት ሆኖ ሳለ ቤት ተቀምጦ «እሱ ያውቃል» ማለት እስከ የት ድረስ እምነት፣ ከየት ወዲያ ቸልታ እንደሆነ ለመለየት ብዙ ጊዜ ይቸግረኛል።

«ጋሼ፣» አለች ልጅቷ፣ አሁን ሳትቀልድ፣ «ግፊት ያለበት ሰው ኪኒኑን ሲያቋርጥ በድንገት ወድቆ ሊቀር ይችላል። ሐኪሙ እትዬን ጨው ይቀንሱ ብሎም ነግሯቸው ነበር። እርስዎ የሚጎዳቸውን ለሃያ ሰባት ዓመት አስገብተው፣ የሚያቆያቸውን ለአንድ ሳምንት አላስገቡም።»

ሽማግሌው ጆንያዎቹን አንድ ጊዜ አዩ። ከዚያ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው በእትዬ አንገት ላይ አጠለቁት።

«የሕክምና ካርድሽን ያዢ። አንተ፣ ጋሪውን አዙረው!»

«ወዴት?» አለ ባለጋሪው።

«ወደ ባለሱቁ! ሁለት ኪሎ ብቻ አስቀርልኝ፣ ሌላውን ይረከበኝ።»

ሱቁ በጤና ጣቢያው መንገድ ላይ ነው። ጨው ሲወርድ ጋሪው ባዶ ሆነ፤ እትዬ ደግሞ ዳገቱን በእግር መውጣት የሚችሉ አልነበሩም። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ እያየ እትዬ ጃንጥላቸውን ዘርግተው በጋሪ ላይ ተቀመጡ፤ ጋሽ መጋዘን ከባለጋሪው ጋር ሆነው ገፉ። «ቀስ!» ይሉት ነበር አሁን። «ቀስ በል አንተ ሰው!» ጤና ጣቢያው ሲደርሱ የእትዬ ግፊት ተለካ፤ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ተቆጣቸው፤ የሁለት ወር ኪኒንም ታዘዘላቸው።

በማግሥቱ ጋሽ መጋዘን አዲስ ደብተር ይዘው ከመስኮቴ ሥር ተቀመጡ። የወንድማቸው ልጅ ርቀቷን ጠብቃ ቆማለች።

«እሺ አስተማሪዬ፣ ከምን ልጀምር?»

«ከዕቃ አይጀምሩ፣ ከሰው ይጀምሩ። ቤት ውስጥ ማን አለ? ሳይቋረጥ የሚወስደው መድኃኒት ምንድን ነው? እሱ በመጀመሪያ ይጻፍ። ቀጥሎ የሚጠጣ ውሃ። ቀጥሎ ቤቱ ሁልጊዜ የሚበላው፣ ለሁለት ሳምንት ያህል።»

«የማንወደውስ? በጣሳ የታሸገ ብዙ ሽንብራ ገዝቻለሁ።»

«የማትወዱትን በችግር ቀንም አትወዱትም። ደግሞ ሁሉን በአንድ ቀን አይግዙ። በሄዱ ቁጥር አንድ አንድ ይጨምሩ፤ ለሌላውም ይተርፋል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ።»

ጋሽ መጋዘን ቀና አሉ።

«ይህንንማ ለእኔ አትንገሪኝ! በእኔ ጊዜ አዲስ ማስቲሽ ከአሮጌው ቀድሞ ወጥቶ አያውቅም!»

«ለዚህ ነው እርስዎን የምንፈልገው። እኔ ምን እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፤ ማስቀመጥ ግን አልችልበትም።»

ይህች ቃል ከስሌቱ ሁሉ በላይ የገባቻቸው ይመስለኛል። በዚያው ሳምንት ደብተሩን ይዘው የግቢውን አራት ቤት ዞሩ። የእኔን ጓዳ ከፍተው ሁለት ሽንኩርትና ሦስት ድውር ክር ሲያገኙ፣ «አንተ ክር ልትበላ ነው?» አሉኝ። አፈርኩ፤ ሩዝና ምስር ገዛሁ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤታችን ሹፌሩ ታመመና ግቢያችን ለዐሥራ አራት ቀን ተዘጋ። አንድም ሰው አጥር አልዘለለም። የሹፌሩ እናት የስኳር መድኃኒታቸው አስቀድሞ ገብቶላቸው ነበር። ምግብ እያዞርን አብስለን ከሹፌሩ ደጃፍ ወንበር ላይ እናስቀምጥና አንኳኩተን እንርቃለን። ዘይት ያነሰው ዘይት ካለው ወሰደ፤ ሳሙናማ ለጎረቤት ግቢም ተረፈ። ሹፌሩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእግሩ ቆመ። አስቦ የተዘጋጀ ቤት በችግር ጊዜ ሱቅ አያራቁትም፣ ወረፋ አያስረዝምም፣ ከሐኪም እጅም የሌላውን ተራ አይነጥቅም። ይህን በጋዜጣ አላነበብኩትም፤ በመስኮቴ ያየሁት ነው።

በሩ በተከፈተ ዕለት የመድኃኒት ባለሙያዋ መለኪያዋን ይዛ መጣች። የእትዬ ግፊት ወርዶ ደህና ሆኖ ተገኘ። ጋሽ መጋዘን እንደ ሙሽራ አባት ተንጎራደዱ።

«እርስዎስ ተለክተው ያውቃሉ?» አለቻቸው።

«እኔ ምን ሆኜ?»

«እስቲ እጅጌዎን ይሰብስቡ።»

እያጉረመረሙ ሰበሰቡ። መለኪያው ተነፋ፣ ተነፈሰ። ልጅቷ ቁጥሩን አየችና ደግማ ለካች።

«ላይኛው መቶ ስልሳ አምስት፣ ታችኛው መቶ። በአንድ ቀን አይወሰንም ጋሼ፤ ነገ ሐኪሙ ይየዎት። ግን የእርስዎም ከፍ ብሏል።»

ጋሽ መጋዘን አጎንብሰው ቁጥሩን ራሳቸው አነበቡት። እትዬ በአግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው።

«ና ተቀመጥ፣» አሏቸው። «ብቻዬን መዋጥ ሰልችቶኝ ነበር።»