የአዛውንቱ ጎረቤት

ከሐሙሲት ወደ ወረታ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት አጠገቧ ላሉ ለማታውቃቸው አዛውንት ስለ አማቷ ታወራ ነበር።

«አማቴ የቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቄስ ናቸው። ሱሪያቸውን ራሳቸው ማጠብ ሲጀምሩ ነው የነቃንባቸው።»

«ምን ሆነው?»

«ሽንታቸው ደም ቀላቅሎ። አፍረው ደበቁን።»

«ያማቸው ነበር?»

«ምንም። ካላመመኝ ምን አስሮጠኝ አሉ። ሐኪሙ ግን ‹ባያምም ቶሎ መታየት አለበት› አለን።»

«አንዴ ታይቶ ከጠፋስ?»

«የሳቸውም ጠፍቶ ነበር እኮ! ባሕር ዳር ሲታዩ የሽንት ፊኛቸው ውስጥ ትንሽ እጢ ተገኘ። ሳይሰፋ ስለተደረሰበት አወጡላቸው። ዛሬም እየተመላለሱ ይታያሉ፤ ቅዳሴ ላይ ግን ድምፃቸውን የሚችለው የለም።»

«እሰይ! እኔ እንኳ የምጠይቅሽ ለጎረቤቴ ነው።»

«ዕድሜያቸው ስንት ነው?»

«እኩያዬ ነው።»

«ሚስታቸው ያውቃሉ?»

«ኧረ አልነገርኳትም!»

ሴትዮዋ ሳቋ አመለጣት።

«አባቴ፣ ጎረቤትዎ ዛሬውኑ ይታዩ።»

«ገበያ እየሄድኩ ነበር።»

«ገበያው ይደርሳል።»

አዛውንቱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ወራጅ አለ! ጤና ጣቢያው ጋ!»

«እኔም እወርዳለሁ። ጎረቤትዎን ብቻቸውን አልተዋቸውም።»

«ነይ እንግዲህ፣ ልጄ፤ ጎረቤቴ ትንሽ ፈሪ ነው።»

ተያይዘው እየሳቁ ሲወርዱ፣ የጤና ጣቢያውን በር እስኪያልፉ ድረስ አንገቴን አዙሬ አየኋቸው።